የወንበሩ ጠባቂዎች

የአለቃ ገብረ ሐና ስም በተነሣ ቁጥር አድማጩ አስቀድሞ ፈገግ ለማለት ይዘጋጃል። በሰርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት የሚነገር ቀልድ ባለቤት ሲያጣ ለእርሳቸው ስለሚሰጥ፣ ያልተናገሩት ከተናገሩት ሳይበልጥ አልቀረም። ሆኖም ከፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተገኙት እኚህ ሊቅ ሞያቸው ቀልድ አልነበረም፤ አቋቋም ነበር። ለማኅሌቱ ሥርዓት ያበረከቱት አዲስ ስልት በደብረ ታቦር ሥር ሰዶ ከዚያም ወደ ብዙ አድባራት ተዳርሷል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ስልት በእርሳቸው ስም አለመጠራቱ ነው። ሊቃውንቱም ተማሪዎቹም «ተክሌ» ይሉታል፤ ተክሌ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ልጅ ነው። አባት ያመነጨው በልጅ ስም የተጠራው ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረው፣ ደቀ መዛሙርትንም ያፈራው ልጁ ስለ ሆነ ነው።

ይህ ነገር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ ሥነ ጥበብ እንዴት ተጠብቆ እንደ ኖረ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ጥሩ መነሻ ይሆናል። ዛሬ በከተማ ስለ አንድ የቴአትር ወይም የሙዚቃ ቤት ሲነገር ሥራ አስኪያጁ፣ አዘጋጁ፣ ገንዘብ ያዡና የሚቆጣጠረው ቦርድ አብረው ይታሰባሉ። በደብረ ታቦርና በጋይንት ግን ዜማ የሚቀጸልበት፣ ዝማሜ የሚለመድበት፣ ቅኔ የሚሰማበት ቤት ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነበር። ይህም ቤት የራሱ ሹማምንት፣ የራሱ ፈተና፣ የራሱም መተዳደሪያ ነበረው። ስለ ዜማው ብዙ ተጽፏል፤ ቤቱን ስላስተዳደሩትና ስለ መሩት ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ሁለት ሞያዎች በአንድ አገር

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ አጠገብ የተቆረቆረ ከተማ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ካደረጉት ወዲህ ራስ ዓሊ ተቀምጠውበታል፤ ከእርሳቸውም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አድርገውታል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት፣ በኢትዮጵያ የምሕንድስና ታሪክ ስሙ ሳይነሣ የማይታለፍ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመታት የአውሮፓ ሚሲዮን የእጅ ባለሞያዎችን በዚያ ሰብስበው የጦር መሣሪያ አሠርተዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል መድፍ ነው። መድፉን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው እየጎተተው ወራት የፈጀ ጉዞ ተደርጓል።

በጋፋት የአገሩ ወጣቶችም ከባለሞያዎቹ ጋር ሠርተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሞያው ለአገር ሰው እንዲተላለፍ መፈለጋቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ባለሞያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የጋፋት ምድጃም ቀዘቀዘ። ለሥራው ጉጉት ነበረ፤ ጉልበት ነበረ፤ የንጉሥ ትእዛዝም ነበረ። ያልነበረው ንጉሥ ቢኖርም ባይኖርም ሞያውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ፣ «ይህ ሰው ችሏል» ብሎ የሚመሰክር የጸና ወንበር ነው። በዚሁ አገር፣ በዚሁ መቶ ዓመት የአቋቋም ሞያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ መድፍ የማቅለጥ ሞያ ከመምህራኑ ጋር መሄዱ በዕድል ብቻ የሚተረጎም አይደለም።

ሦስቱ ማስመስከሪያዎች

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ትውፊቱ ዘመኑን በ6ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋር ያያይዘዋል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለብዙ ዘመን በቃል ብቻ ሲወርድ ከቆየ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ እየተባሉ የሚጠሩት ምልክቶች በግጥሙ ቃል ላይ እየተጻፉ የድምፁን አወጣጥ ያሳስባሉ። ነገር ግን ምልክቱ ማሳሰቢያ እንጂ መምህር አይደለም። መጽሐፉን የያዘ ሁሉ ዜማውን ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ተረድተውታል። ስለዚህም ነው ማስመስከሪያ የሚባሉ ቦታዎች የተቋቋሙት።

ከእነዚህ ማስመስከሪያዎች ሦስቱ በዛሬው ደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ነው። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ሲሆን፣ ትውፊቱም ቅዱስ ያሬድ በዚያ አስተምሯል ይላል። ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም ምስክር ነው። ሸዋ ወይም ወሎ ወይም ትግራይ ላይ ድጓ የተማረ ሰው፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢቀጽል፣ በመምህርነት ሊቀመጥ ሲያስብ ወደ ቤተ ልሔም ይጓዝ ነበር። በዚያም በወንበሩ መምህር ፊት ተቀምጦ ዜማውን ያሰማል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ የጎደለው ይሞላል። ሲፈጽም የሚሰጠው ምስክርነት በየትም አገር የሚታመን ነበር። ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት የሚባሉ ሌሎች የዜማ ቤቶችም አሉ፤ በስፋት የተዳረሰው ግን የቤተ ልሔም ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመስካሪው ማንነት ነው። መስካሪው አገረ ገዥው ወይም የቤተ መንግሥት ሹም አልነበረም። ሞያውን ራሱ ተምሮ፣ በቀደመው መምህር ተመስክሮለት ወንበሩን የተረከበ ሊቅ ነበር። ነገሥታት ለአድባራት መሬት ይሰጣሉ፤ አለቃ ይሾማሉ፤ መምህሩንም ያከብራሉ። ያልተማረውን ሰው የድጓ መምህር ማድረግ ግን በሥልጣናቸው የሚሆን አልነበረም። አድርገው ቢገኙ እንኳ ማኅሌቱ ላይ በቆመ ጊዜ ነውሩ ይገለጣል።

የቤቱ ሹማምንት

ክቡ የደጋ ቤተ ክርስቲያን በሦስት የተከፈለ ነው። የውስጡ መቅደስ፣ የመካከሉ ቅድስት፣ የውጭው ቅኔ ማኅሌት ይባላል። የማኅሌቱ ጥበብ የሚታየው በዚህ በውጭው ዙሪያ ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኙን ወገን ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ወገን ግራ ጌታ ይመራል፤ የሁሉም የበላይ መሪጌታው ነው። ዜማው በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያ ይዞ በዝማሜ፣ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል በመረግድ፣ በመጨረሻ በጽፋት ይፋጠናል። ከሌሊት ተጀምሮ ጠዋት በሚፈጸመው በዚህ ሥርዓት ማን እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚቀበል፣ ከበሮው መቼ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። የማያውቅም ቢኖር መሪጌታው በዓይኑ ጥቅሻ ይመልሰዋል።

መሪጌታው በማኅሌቱ ውስጥ የሚመራ ሲሆን፣ አለቃው የደብሩ ሁሉ አስተዳዳሪ ነው። ገበዙ የሕንፃው፣ የንዋየ ቅድሳቱና የመጻሕፍቱ ጠባቂ ነው። መጋቢው እህሉንና ድግሱን ይቆጣጠራል። የወንበሩ መምህር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነው። በአስተዳደር ከአለቃው በታች ቢሆንም፣ በሞያው ጉዳይ አለቃውም ሳይቀር ከእርሱ ቃል አይወጣም። የአስተዳደርና የሞያ ሥልጣን እንዲህ ተለያይተው በአንድ ግቢ መኖራቸው የቤቱ ትልቁ ብልሃት ነው። አለቃው ቢለወጥ ዜማው አይለወጥም፤ መምህሩ ቢያርፍም የደብሩ ንብረት አይበተንም።

ከመምህሩ በታች ተማሪዎቹ ራሳቸው የቤቱ አስተዳዳሪዎች ናቸው። አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ በቀን ውስጥ ሊዳረስ ስለማይችል፣ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ እርሱ ራሱ ከመምህሩ ይቀበላል። ጎጆ የሚቀልሱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ የታመመውን የሚያስታምሙት እነርሱው ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ በማርያም ስም የሚለምነው ልጅ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሌላውን የሚያስቀጽል፣ ከዚያም ቆይቶ የራሱን ወንበር የሚዘረጋ ሊቅ ይሆናል። ማስተማር የትምህርቱ አንድ ክፍል በመሆኑ፣ የወንበሩ ተረካቢ መምህሩ ካረፈ በኋላ አይፈለግም፤ አስቀድሞ ከጉባኤው መካከል ታውቆ ይገኛል።

ስለ ገበዙ ሥራ የቤተ ልሔም ሕንፃ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ያየው እንደ ሌሎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በዚያ ክብ ቤት መካከል ተሸፍኖ የኖረ፣ በመካከለኛው ዘመን በጥንቱ ስልት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ነገሩን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ገለጸው ቦታው በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። ለውጭው ዓለም አዲስ ግኝት የሆነው ሕንፃ ለቤቱ ሰዎች ዘወትር የሚያገለግሉበት ቤታቸው ነበር። ሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ የሚፈልግ ነገር ነው፤ ዝናሙ ያበሰብሰዋል፤ ምስጥና አይጥ ይጎዱታል። ገበዞቹ ምእመናኑን እያስተባበሩ ሣር ሳያሳጭዱ፣ ማገር ሳያስለውጡ የሚያልፉት አንድ ትውልድ ቢኖር ኖሮ፣ የውስጡ ጥንታዊ ሕንፃ እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር። የእነዚያ ገበዞች ስም በየትም የጉዞ መጽሐፍ አልተጻፈም።

አዲስ ስልት በአሮጌ ወንበር

እንዲህ በምስክር የታጠረ ሥርዓት ለአዲስ ነገር በር የሚዘጋ ይመስላል። የተክሌ አቋቋም ታሪክ ግን በሩ ጠባብ እንጂ ዝግ እንዳልነበረ ያስረዳል። አለቃ ገብረ ሐና አቋቋምን የተማሩት በጎንደር ሲሆን፣ በዚያም በሊቅነት የታወቁ ነበሩ። በሊቃውንቱ ዘንድ እንደሚተረከው፣ በጣና አካባቢ ሲኖሩ የሐይቁን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸንበቆ እየተመለከቱ የዝማሜውን አካሄድ በአዲስ መልክ አሰናዱት። ቀድሞ የነበረውን ዜማ አልነኩም፤ የለወጡት የሰውነቱንና የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ነው። ጎንደር ግን የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ የራሱ የጸኑ ስልቶች ስለ ነበሩት፣ አዲሱን ወዲያው እንዳልተቀበለ ይነገራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አዲሱ ዝማሜ ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር በተቀበረ፣ ወይም ከቀልዶቻቸው እንደ አንዱ በተወራ ነበር። ተክሌ ግን ከአባቱ የተቀበለውን በደብረ ታቦር አስተማረ። ደብረ ታቦር ከጎንደር ጋር ሲነጻጸር አዲስ ከተማ ነበረ፤ በአቋቋም የቀደመ ወንበር ስላልነበረውም ቦታ ነበረው። ተማሪው ተቀበለ፤ ተቀብሎም ሌላውን አስቀጸለ። ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ በአንድ ሊቅ የተጀመረው ነገር ራሱ ማስመስከሪያ ያለው ስልት ሆነ። ዛሬ በአንድ ደብር ማኅሌት ሲቆም የጎንደር ነው ወይስ የተክሌ ተብሎ ይለያል፤ ከሁለቱ አንዱ ሕጋዊ ሌላው ሕገ ወጥ ነው የሚል ግን የለም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አዲሱን ስልት ያመጣው ሰው አሮጌውን ጠንቅቆ ያወቀ፣ በአሮጌውም የተመሰከረለት ነበር፤ ከውጭ ሆኖ የሚነቅፍ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ስልቱ የጸናው በክርክር አይደለም። በጎንደር ሊቃውንትና በአለቃው መካከል የተደረገው ሙግት ምንም ያህል የጋለ ቢሆን፣ ነገሩን የፈጸመው ደብረ ታቦር ላይ በየዕለቱ የተደረገው ማስተማር ነው።

ቤቱ በምን ይተዳደር ነበር

ማንኛውም የሥነ ጥበብ ቤት በጥበብ ብቻ አይቆምም። የአዲስ አበባው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት በማኅበርነት ሲመሠረት የአባላት አስተዋጽኦና የመንግሥት ድጋፍ ነበረው። በጣልያን ዘመን ለሲኒማ የተጀመረው ሕንፃ ተሻሽሎ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ሲከፈት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ማለት ነው፣ ከመንግሥት በጀት ሌላ ከመግቢያ ቲኬት የሚገኝ ገቢ ነበረው። የደብረ ታቦርና የጋይንት ጉባኤያት ቲኬት አልሸጡም። የሚተዳደሩት በመሬትና በምጽዋት ነበር። መሬቱ ሪም እየተባለ ከአገልግሎት ጋር ተያይዞ ለካህናቱና ለደብተሮቹ የተደለደለ ነበር። ተማሪው ግን ከመሬቱ ድርሻ የለውም፤ እርሱን የሚመግበው ከየቤቱ የሚወጣው ቁራሽ ነው። ስለዚህ የማያነብ የማይጽፈው ገበሬ፣ በተለይም እንጀራዋን ቆርሳ የምትሰጠው ባልቴት፣ የዚህ የጥበብ ቤት ዋነኛ ደጋፊዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ይህ መሠረት ተናወጠ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ እፎይታ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ከዚያም መካከል ለተማሪው ቁራሽ ሲሰጥ የኖረው ገበሬ ይገኝበታል። ለወንበሩ መምህር ግን የሚኖርበት መደብ ከእግሩ ሥር የተነሣበት ቀን ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ በየደብሩ ካህናትና ምእመናን አብረው የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ ስለ ነበር፣ አድባራት በምእመናን አስተዋጽኦ ለመተዳደር የሚያስችል መንገድ አገኙ። ይሁን እንጂ የሰበካው አስተዋጽኦ በከተማ ሲበዛ በገጠር ያንሳል። በገጠር የተመሰከረለት ሊቅም ደመወዝ ወዳለበት ወደ ከተማ ደብር መሳቡ አልቀረም። ማስመስከሪያው ያፈራቸውን ሁሉ ለሌላው ሰጥቶ ራሱ መምህር እንዳያጣ የሚያሰጋው ይህ ነው።

ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። በጠባብ ጎጆ የተጨናነቀው ተማሪ ለተስቦና ለእከክ የተጋለጠ ነበር። ረኀብና ስደትም ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርተዋል። ወንበሩም ለሴቶች ክፍት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዕድሉ ቢሰጥ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር በጎጃም ዓይናቸው ሳያይ የአባታቸውን የቅኔ ወንበር ተረክበው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በቂ ማስረጃ ናቸው። እነዚህን ጉድለቶች ማረም የወንበሩን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ተረካቢውን ያበዛለታል።

ያለፈውና የሚቀረው

የመስቀል በዓል በ2013 እ.ኤ.አ.፣ የጥምቀት በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። በሁለቱም በዓላት ላይ የዓለም ዓይን የሚያርፍበት የሊቃውንቱ ሽብሸባ፣ ከበሮና ጸናጽል ነው። የድምፅና የምስል መቅጃም በየኪሱ ገብቷል። አንድን ማኅሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጾ ማስቀመጥ ዛሬ የማንም ልጅ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገብም ሆነ መቅጃ ተማሪውን አያርምም፤ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል፣ ድገም» አይልም፤ በስሙም አይመሰክርም። ያን የሚያደርገው በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

የሙያ ማኅበር ለሆነ አካል የደብረ ታቦር ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። መሐንዲስም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ በራሱ ሞያ ያለፈ ሰው ፈትኖ «ችሏል» ካላለለት በቀር የያዘው ወረቀት ቀለም ብቻ ነው። የምስክርነቱ ሥልጣን ሞያውን ከማያውቅ እጅ ሲገባ፣ ወይም መስካሪው ለመመስከር እንጂ ለማስተማር ፈቃድ ሲያጣ፣ የሚደርሰው ጉዳት ወዲያው አይታይም። ማኅሌቱ በተሰናከለ ጊዜ፣ ድልድዩም በተሰነጠቀ ጊዜ ይታያል።

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የከተማው ስም የተወሰደበት የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው በተክሌ ስልት ይዘምማሉ። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ፤ ጎብኚ ሄዶ ምድጃው የነበረበትን ቦታ ያያል። ሴባስቶፖልም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የአንድ አገር፣ የአንድ መቶ ዓመት ሥራዎች ናቸው። መድፉ ከእነ ክብደቱ አለ፤ ያቀለጡት ሰዎች ሞያ ግን በቦታው አልቀረም። ዝማሜው ክብደት የለውም፤ በእጅ አይዳሰስም፤ ሆኖም የሚያውቁት ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እያቀበሉት እዚህ ደርሷል።